የእኛ ልጅ ስለሆንሽ ነው

ተማሪዎቹ «እህት ተቀላቀሉ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት አንድ ነገረኛ የሒሳብ ተማሪ ነው። እሷም ስትሰማ እንደ መቆጣት ብላ ሳቀችና ስሙ እዚያው ተጣበቀባት፤ ከዚያ ወዲያ እናት አባቷ ያወጡላትን የሚያስታውስ ጠፋ። ያለ ምክንያትም አልወጣላት። ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በላይ ባለው የኪራይ አዳራሽ ክርስቲያን ተማሪዎች ለጸሎት ሲሰበሰቡ፣ የደጋ ልጆች ከደጋ ልጆች፣ ቆላዎቹ ከቆላዎቹ፣ ሐይቅ ዳሮቹም ከሐይቅ ዳሮቹ ጋር እየተፈላለጉ ይቀመጣሉ። ይህን ካየች መድረክ ላይ ያለው ዘማሪ ይሁን ሰባኪ ግድ የላትም። «ተቀላቀሉ! ተቀላቀሉ እንጂ! ሰርግ ቤት ነው እንዴ የወንድ ወገን የሴት ወገን የምትሉት?» ብላ ታቋርጣለች። ልጆቹ እያጉረመረሙ ይነሳሉ፣ የፕላስቲክ ወንበር ይጎተታል፣ ታች ያለው ፎቶ ኮፒ ሠሪ ጣሪያው የሚወርድበት እየመሰለው ቀና ይላል፣ ከዚያ ስብሰባው ይቀጥላል።

ሥራዋ የተማሪዎቹ ኅብረት አስተባባሪነት ነው። የከተማው አብያተ ክርስቲያናት በጋራ ቀጥረዋት ወጣትነቷን ያንን ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ጨርሳዋለች። አስተባባሪ ሲባል ብዙ ሰው መርሐ ግብር የሚያወጣ ይመስለዋል፤ እሷ ግን መርሐ ግብር አትወድም። የምትወደው መሪ ማሳደግ ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ካሉት መካከል ዓይን ያላቸውን፣ ማለትም ጥግ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ሰው የሚታያቸውን፣ ትመርጥና ሁለት ሁለት አድርጋ ታጣምራቸዋለች። የደጋውን ከሐይቅ ዳሩ፣ የሐይቅ ዳሯን ከቆላዋ። በአንድ ዶርም ያድራሉ፤ ኮሌጁ ሲዘጋ አንዱ የአንዱ ወላጆች ቤት ሄዶ ይከርማል፤ እዚያም በጓደኛው እናት ቋንቋ፣ በሰው ፊት፣ ጮክ ብሎ መጸለይ አለበት። ይህን ሳያደርግ መሪ የሚሆን የለም።

«በሰው ቋንቋ ስትናገር ሕፃን ትሆናለህ። አንዴ ሕፃን ያልሆነ ሰው አይመራም» ትላቸዋለች። አንድ የደጋ ልጅ፣ ሲገባ በር ላይ ጎንበስ የሚል ረጅም፣ ሐይቅ ዳር ከርሞ እንደዚያ ሊጸልይ ሲንተባተብ የጓደኛው እናት ሳቅ አፍኗቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ጸሎቱ ሲያልቅ ግን እንባቸውን ይጠርጉ ነበር። እንዲህ ያደጉት ልጆች ተመርቀው አንዱ መምህር፣ አንዷ የባንክ ሠራተኛ፣ አንዱ ቀያሽ ሆነው ቢበታተኑም እስከ ዛሬ ይደዋወላሉ። ነገሩ ሠርቶ ያውቃል ለማለት ነው። ኋላ «ድሮም የማይሆን ነገር ነበር» የሚሉ ብልሆች ስለበዙ ይህ ይታወቅልን።

የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። ታላቂቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሳሎኑን ግማሽ የስፌት መኪናዋ ይዞታል፣ ሌላውን ግማሽ ሰበብ ፈልገው የሚመጡ ተማሪዎች ይዘውታል። ምላሷ እንደ መቀሷ ነው። «ይህን ሁሉ የሰው ልጅ ስታቀላቅይ አንቺ ከአንዱ ጋር ሳትቀላቀይ ቀረሽ እኮ» ትላታለች፣ አለማግባቷን ነው። «እታለም፣ ተዪኝ እስቲ» ትላለች ታናሺቱ። ቀልዳቸው ይኸው ነው፤ ይደጋገማል፣ ማንም አይከፋበትም።

ከዚያ ያ ክፉ ዓመት መጣ። ከየት እንደተነሳ የሚያውቅ የለም፤ ወሬው በስልክ ነው የገባው። እነ እንትና እነ እንትናን አባረሩ፣ ቤት ተቃጠለ፣ መንገድ ተዘጋ ይባላል፤ እውነትም አለበት፣ ውሸትም አለበት። ጫማ ይዋዋሱ የነበሩ ልጆች ሻንጣቸውን መቆለፍ ጀመሩ። ካፍቴሪያው ውስጥ ጠረጴዛ በቋንቋ ተለየ። አንድ ጠዋት የሴቶቹ ዶርም መስኮት ተሰብሮ ተገኘ። ማን እንደሰበረው አልታወቀም፤ ሁሉም ግን በየልቡ የሰበረውን ያውቅ ነበር።

የአብያተ ክርስቲያናቱ ጉባኤ ሰብሳቢ ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው መጡ። ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ክፉ ነገር ሲናገሩ መነጽራቸውን የማውለቅ ልማድ አላቸው። ገና ሳይቀመጡ አወለቁት።

«እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ወላጆች መቀመጫ አሳጡን። ‹ልጃችንን ከነሱ ጋር አታስቀምጡብን› ይላሉ። እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን የራሱን ልጆች ወስዶ በራሱ ቋንቋ ይሰብስብ የሚለው ሐሳብ ገፍቶ መጥቷል።»

«ልጆቹን ልትከፋፈሏቸው ነው? እንደ ውርስ?»

«አንቺ ደግሞ! ስሚኝ። የዘንድሮው የተማሪዎቹ መሪ ሊመረቅ ነው አይደል? ሁሉም የሚቀበለውን ሰው ተኪ። እሱ ሥር ሆነው የሚመጣውን ዓመት አብረው ከዘለቁ እኔ ራሴ እሟገትልሻለሁ። ካልሆነ ግን እጄ አጭር ነው።»

ነገሩ እንግዲህ በአንድ ምርጫ ላይ ተንጠለጠለ። ትክክለኛውን ሰው ካስቀመጠች ኅብረቱ ይተርፋል፤ ከሳተች ይፈርሳል፣ የዕድሜዋ ልፋትም አብሮ።

የሚያናድደው ደግሞ ትክክለኛዋ ሰው ጠፍታ አለመሆኑ ነው። «አዋላጇ» ይሏታል፤ አዋላጅነት ስለምትማር። ደጋ ትወለድ እንጂ አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር ቆላም ሐይቅ ዳርም አድጋለች። ሦስቱንም ቋንቋ ስትናገር የትኛው የእናቷ እንደሆነ አይለይም። ንግግር ላይ እዚህ ግባ የምትባል አይደለችም፤ መድረክ ላይ ስትወጣ ድምፅዋ ወደ ውስጥ ይገባል። ነገር ግን መስኮቱ ከተሰበረ በኋላ የሐይቅ ዳር ሴቶች ግቢውን አቋርጠው ወደ መታጠቢያው ሕንፃ መሄድ ፈሩ። አዋላጇ ሳሙናዋን ይዛ መጣችና «እኔም ልታጠብ ነው፣ ተነሱ» አለቻቸው። በማግስቱ አንዲት የቆላ ልጅ አስከትላ መጣች። ብዙም ሳይቆይ ሴቶቹ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ በሦስት ቋንቋ እየተንጫጩ፣ ባንድ ላይ ይሄዱ ጀመር። ስብከት የለ፣ ስብሰባ የለ። እህት ተቀላቀሉ ይህን ስትሰማ ጓዳ ገብታ በደስታ አለቀሰች።

ሌላው ኢንጂነሩ ነው። የቆላ ልጅ፣ ምህንድስና የሚማር፣ ጊታር የሚጫወት፣ አፉን ሲከፍት ሰው ስልኩን የሚያስቀምጥለት። ጥሩ ልጅ ነው፤ ኋላ ብዙ ስለተባለበት ይህን አስቀድመን እንያዝለት። ብቻ ሥልጠናውን አልጨረሰም። ሐይቅ ዳር ሊከርም በነበረበት ጊዜ ጓደኛው ታመመና እሱም እናቱ ቤት ከረመ። በሰው ቋንቋ ተንተባትቦ አያውቅም።

ማን መመረጥ እንደነበረበት ግልጽ ነው፤ ለእሷም ግልጽ ነበር። ነገር ግን እህት ተቀላቀሉ ራሷ ደጋ ናት። የሚመረቀው መሪም ደጋ ነው። በዚያ ላይ አዋላጇ ብትጨመር «አፏ ተቀላቀሉ፣ እጇ ወደ ዘመዷ» ሊሏት ነው። ይህን ያላት ሰው የለም። እንዲያውም የሐይቅ ዳር ልጆች ራሳቸው መጥተው «አዋላጇ ትሁንልን» ብለዋታል፤ «እስቲ እንጸልይበት» ብላ ሸኘቻቸው። ዛሬ እንዲህ ይላሉ፣ ነገ ቀን ሲከፋ «ድሮም ለወገኗ ነው» ይሉኛል ብላ ፈራች። ሰው በዘሩ እንዳይቆጠር ዕድሜዋን ሙሉ ስትለፋ የኖረች ሴት፣ ቁርጥ ቀን ሲመጣ ራሷ ቁጭ ብላ ቆጠረች። ሲያልቅ ደግሞ ያደረገችው ነገር ፍትሕ መሰላት።

ለአዋላጇ የነገረቻት ከአዳራሹ ጀርባ፣ ድምፅ ማጉያና ገመድ በሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ልጅቱ ከሆስፒታል ልምምድ መምጣቷ ነበር፤ ጋዋኗን አጥፋ ክንዷ ላይ ይዛዋለች።

«የኔ ልጅ፣ አትቀየሚኝ። ኢንጂነሩ ነው የሚሆነው።»

«እሺ፣ ጥሩ ነው። አግዘዋለሁ» አለች አዋላጇ።

እዚህ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት! ግን ሰው ጥፋቱን ካላስረዳ አይሆንለትም። «ያላየሁሽ እንዳይመስልሽ። ካንቺ የሚሻል የለም፣ ጌታ ያውቃል። ብቻ የእኛ ልጅ ስለሆንሽ ነው። ከሌላ ወገን ብትሆኚ ዛሬውኑ እጄን ጭኜ እጸልይልሽ ነበር።»

አዋላጇ ጋዋኗን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች። «የእነማን ልጅ?»

«ያው… የደጋ ነዋ።»

«ዶርም ዘሬን ይቆጥሩብኛል» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ። «ክፍል ይቆጥሩብኛል። ሆስፒታል እንኳ ምጥ ላይ ያለች ሴት ‹የየት ልጅ ነሽ?› ትለኛለች። ለምጄዋለሁ። እርስዎ ይቆጥሩብኛል ብዬ ግን አላሰብኩም፣ እትዬ።»

አልተቆጣችም፣ በሩንም አላጋጨችም። ቀስ ብላ ወጥታ ሄደች። ከዚያ በኋላ አንዳንዴ ትመጣለች፣ አንዳንዴ ተረኛ ነኝ ትላለች፤ እየቆየ ተረኛ የምትሆንበት ቀን በዛ።

ኢንጂነሩ ተሾመ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጫኑበት፣ አዳራሹ በዝማሬ ተሞላ፣ ሰብሳቢውም መነጽራቸውን እንዳደረጉ ወደ ቤታቸው ሄዱ። አዲሱ ዓመት ሲገባ ነገሩ የሚሳካ መሰለ። ታላቂቱም ሳትቀር «ይሁን እንግዲህ፣ ካማረበት ምን አገባኝ» አለች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ካፍቴሪያው ውስጥ በአንድ የማይረባ ቃል የተነሳ ጠብ ወደ ግቢው ወጣና በድንጋይ ሆነ። የቆላም የሐይቅ ዳርም ልጆች ተፈነከቱ። የቆላዎቹ ኮሌጁ ክሊኒክ ተኙ፤ ሐይቅ ዳሮቹን ዘመዶቻቸው መጥተው ከተማው ሆስፒታል አስገቧቸው። ኢንጂነሩ ክሊኒኩን ጎበኘ። ወደ ሆስፒታሉም ሄዶ ነበር፤ ግን በር ላይ የቆሙት ዘመዶች «አንተ ደግሞ ምን ቀርቶህ መጣህ?» ብለው መለሱት። አፍሮ ተመለሰ፣ ለማንም አልተናገረም።

በሳምንቱ ስብሰባ አዳራሹ ጢም አለ። ሁሉም መሪው የሚለውን ሊሰማ መጥቷል። ኢንጂነሩ መድረክ ላይ ተንበርክኮ ጸለየ፤ እንደዚያ ቀን ከልቡ ጸልዮ አያውቅም። የቆሰሉትን በየስማቸው እየጠራ፣ የአንዱን ዓይን፣ የአንዱን ክንድ፣ የአንዱን እናት ጭንቀት ሳይቀር እያነሳ አለቀሰ። «አሜን» ብሎ ሲነሳ ግን አሜን ያለው ግማሹ አዳራሽ ብቻ ነበር። የጠራቸው ሁሉ የቆላ ልጆች ነበሩ። ያየው እነሱን ብቻ ስለሆነ አፉ ላይ የመጡለትም እነሱ ናቸው። ሰው ያየውን ነው የሚጸልየው።

ከመካከል አንዲት የሐይቅ ዳር ልጅ ተነሳች። «የኛዎቹስ?»

ኢንጂነሩ ፊቱ ደም አልቀረውም። «እ… አዎ፣ እነሱንም ጌታ ያስባቸው።»

«ስማቸውን ታውቀዋለህ?»

አያውቀውም። ከቆሰሉት አንዱ የክፍሉ ልጅ ነበር፤ ደንግጦ የእሱም ስም ጠፋው።

ልጅቱ ቦርሳዋን አነሳች፣ ሐይቅ ዳሮቹም ተከትለዋት ተነሱ። እህት ተቀላቀሉ ሮጣ በሩ ላይ ቆመች። «ልጆቼ፣ እባካችሁ፣ ቁጭ በሉ፣ ተሳስቶ ነው፣ ይስተካከላል» ትላለች፤ እነሱ በጎኗ ያልፋሉ። አንዱማ ይቅርታ ጠይቋት ነው ያለፈው። ቆላዎቹ «መሪያችንን አዋረዳችሁት» ብለው ከኋላ ጮኹ። ደጋዎቹ ደግሞ መካከል ላይ ከመመታት ብለው በማግስቱ መምጣት አቆሙ።

ኢንጂነሩ እቤቷ መጥቶ ከስፌት መኪናው ጎን ተቀምጦ ተንሰቀሰቀ። «በር ላይ መለሱኝ እኮ! ስማቸውን ከማን ልስማ?»

«አዋላጇ ሁለቱም ጋ ትገባ ነበር፣ ልጄ። እዚያው ሆስፒታል ናት። ምነው እሷን ብትጠይቃት?»

«ማን ነገረኝ? ደግሞ እሷ ከተሾምኩ ወዲህ መች መጣች?» ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። «እኔ እንደማልችል እርስዎ ያውቁ ነበር። ሥልጠናውን አልጨረስኩም። ለምን መረጡኝ?»

ምን ትበለው? ቆላ ስለሆንክ ነው ትበለው? ውሃ ቀድታ ሰጠችው። ከወጣ በኋላ ታላቂቱ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንቺ ነሽ» አለቻት። ቀልድ አልነበረውም፤ ታናሺቱም «እታለም ተዪኝ» አላለችም።

ጉባኤው ልጆቹን ተከፋፈላቸው። ማጉያው ለቆላዎቹ፣ ኪቦርዱ ለደጋዎቹ፣ ወንበሩ ለሐይቅ ዳሮቹ ደረሰ። ሰብሳቢው ቁልፉን ሲቀበሏት መነጽራቸውን አወለቁ። አዳራሹን የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ለወረቀት ማከማቻ ተከራየው።

እሷ ግን አንድ ተስፋ ቀርቷት ነበር። ዓይኗን በጨው አጥባ ወደ ሆስፒታሉ፣ ወደ ማዋለጃ ክፍሉ ሄደች። ኮሪደሩ ላይ ነፍሰ ጡሮች ግድግዳውን ይዘው ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ መድኃኒትና ሳሙና ይሸታል። አዋላጇ እጇን እየታጠበች ነበር። እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«በድዬሻለሁ። እሱን ልልሽ ነው የመጣሁት» አለች እህት ተቀላቀሉ። «ደግሞም ልለምንሽ። አንቺ ብትጠሪያቸው ይመጣሉ። ሐይቅ ዳሮቹ ይወዱሻል። ቆላዎቹም አይጠሉሽም። እንደገና እንጀምር።»

አዋላጇ እጇን በፎጣ እያደረቀች ቆየች። «ያኔ ብጠራቸው ይመጡ ነበር» አለች። «አሁን እኮ ብጠራቸው የምጠራቸው የደጋ መሪ ሆኜ ነው።»

«እንዴት?»

«የኛ ቤተ ክርስቲያን የደጋ ተማሪዎችን ምሪልን ብሎኝ እሺ ብያለሁ።»

«አንቺ? አንቺ እሺ አልሽ?»

«የደጋ ልጅ ነሽ ተብዬ የለ፣ እትዬ። ታዲያ የት ልሂድ?» ከውስጥ አንዲት ሴት በሐይቅ ዳር ቋንቋ ጮኸች፤ አዋላጇ በዚያው ቋንቋ «መጣሁ፣ አይዞሽ» ብላ መለሰችላትና ጓንት አወጣች። «እሁድ ይምጡ። የድንጋይ ጠራቢዎቹ ሰፈር ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው የምንሰበሰበው።»

እሁድ ሄደች። ለመውጣት እንዲመቻት በሩ አጠገብ ተቀመጠች። አዋላጇ ስትመራ ድምፅዋ አሁንም ወደ ውስጥ ይገባል፣ ግን ማንም አልቸገረውም። የተዘመረው የእህት ተቀላቀሉ እናት እቤት ሲሠሩ የሚያንጎራጉሩት መዝሙር ነበር፤ ከእናቷ ሞት ወዲህ አልሰማችውም። ከጎኗ ያሉ ሴቶች እጇን ይዘው «እንኳን ወደ ቤትዎ መጡ» አሏት። ጸሎቱ ሁሉ ይገባታል፣ ቀልዱ ሁሉ ይገባታል። ያን ሁሉ ዓመት ተሸክማው የኖረችው፣ ክብደቱንም የረሳችው ሸክም ከትከሻዋ ወረደ። ደስ አላት። ልጆቹ ለምን ወደኋላ ሳያዩ እንደሄዱ የገባት ያን ጊዜ ነው፤ ክፋት አልነበረም፣ ይህ ደስ ይላል። እስከ መጨረሻው ቆየች።

ሲያልቅ አዋላጇ እስከ ግቢው በር ሸኘቻት።

«ጥሩ ነበር» አለች እህት ተቀላቀሉ። «በሚቀጥለው እሁድም እመጣለሁ።»

አዋላጇ መሬት መሬቱን አየች። እንባዋ እየመጣ ነበር።

«እኔ እኮ» አለች፣ «እንደ ድሮው መሐል ተነስተው ይቆጡናል ብዬ ነው የጠራሁዎት።»